አንድ መምህር፣ ሦስት ስም፦ ለውጭ አገር ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልዲያ የሚላኩ የመምህራን ማመልከቻዎችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚገኙ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ መመርመር ሥራዬ ነው። በዚህ ሥራ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ፣ አንዳንዴም የሚያናድደኝ፣ ከወንፊቱ የሚወድቀው ደካማው መምህር አለመሆኑ ነው። 60 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ያለ ቤተ ሙከራ ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ብርቱ ሰው፣ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ብቻ ለቃለ መጠይቅ እንኳ ሳይጠራ ይቀራል። ምክንያቱም ቀጣሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎበዝ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ሰው ማን ነው? እስከ ዛሬ የት ነበር? ከልጆች ጋር ቢውል የሚያሰጋ ነገር አለ?» ብሎ ነው።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር መነሻውን ማወቅ ይጠቅማል። ዊሊያም ቬሂ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ በልጆች ላይ በፈጸመው ጥቃት ተፈርዶበት እያለ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2014 ከአገር አገር እየተዘዋወረ በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አስተምሯል። አንዱ ትምህርት ቤት ለሌላው መልካም ደብዳቤ እየጻፈለት፣ ያለፈ ታሪኩን በወጉ የመረመረ ሳይኖር፣ ጉዱ የወጣው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት ተባብረው የሕፃናት ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ የቅጥር አሠራሩም ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ጠበቀ። ዛሬ ስለ እያንዳንዱ ወር የሚጠየቁት፣ ከኖሩበት አገር ሁሉ የወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚፈለግብዎት፣ አለቃዎ በስልክ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት እንጂ ወሎዬ ወይም ኢትዮጵያዊ ስለሆኑ አይደለም።

ስም በየሰነዱ ሲለያይ

የወሎ ስም ለዚህ ችግር የተመቸ ነው። ሰይድ፣ ሰኢድ፣ ሰዒድ፤ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ፤ እንድሪስ፣ ኢድሪስ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሌላ ሦስት ዓይነት መልክ ያወጣሉ። ዲግሪው ላይ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እንደመሰለው ጽፎታል፤ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሰው ሌላ ፊደል መርጧል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በሰማችው ድምፅ ተይባዋለች። በዚህ ላይ ዲግሪው የራስንና የአባትን ስም ብቻ ይዞ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ አያትን ጨምሮ ይመጣል፤ የውጭ አገር ሠራተኛም መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይመዘግባል። የአንድ የሒሳብ መምህር ፋይል ልኬ የትምህርት ቤቱ የሰው ኃይል ኃላፊ «ሦስቱም ወንድማማቾች ናቸው?» ብላ ጠይቃኛለች። ስታፌዝ አልነበረም።

ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዲግሪውን ይዞ ሄዶ የላቲን አጻጻፉ አንድም ፊደል ሳይዛነፍ በዲግሪው መሠረት እንዲሞላለት ያድርግ። ፓስፖርቱን ያወጣ ደግሞ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት አስወስኖ፣ ውሳኔውን አስተርጉሞና አረጋግጦ ከፋይሉ ጋር ያያይዝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤን ግን በአዲስ መልክ ማጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ስለሆነ በእርሱ የሚያሳብብ ሰው ከእኔ ጋር አይግባባም።

ዘመን ሲቀይሩ ሁልጊዜ ስምንት መደመር

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በእኛና በአውሮፓውያኑ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ማመልከቻ ሲሞላ ግን ይረሳዋል። አንድ መምህር ከመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በሰኔ 2008 ለቆ በመስከረም 2009 ሌላ ትምህርት ቤት ገባ እንበል። ትክክለኛው ሰኔ 2016 እና መስከረም 2017 ሳይሆን፣ ሰኔ 2016 እና በዚያው ዓመት የመጣው መስከረም ነው። ሁለቱም ላይ ስምንት የደመረ ሰው ክረምቱን ብቻ አርፎ ሳለ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ የኖረ ሆኖ ይታያል፤ ይህን ያልነበረ ክፍተት እንዲያብራራ ሲጠየቅ ደግሞ ግራ ይጋባል፣ ግራ መጋባቱም እንደ መደበቅ ይቆጠርበታል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈም ይኸው በግልጽ ይጠቀስ፤ ካልሆነ ፈረንጁ በእኛ ዘመን የተጻፈውን እንደ ራሱ ዘመን ያነበዋል፤ በእርሱ ስሌት ደግሞ ሰውየው ያስተምር የነበረው ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነው።

ክፍተትን በውሸት መድፈን

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምን እንደደረሰባቸው፣ ወልዲያም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 እንዴት እንዳሳለፈች ለወሎ ሰው አይነገረውም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መዝገብ ቤት ተዘርፏል፣ ሰው ተሰዷል። ታዲያ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለቀድሞው ርእሰ መምህር «ጋሼ፣ ክፍተት ያለበት ወረቀት አይቀበሉኝም» ይላቸዋል። እርሳቸውም ደግ ሰው ናቸውና «አብሽር ልጄ፣ ያለማቋረጥ ብዬ እጽፍልሃለሁ» ይሉታል። ደብዳቤው በሰማያዊ ማኅተም ደምቆ «ከመስከረም 1 ቀን 2010 ጀምሮ ያለማቋረጥ በማስተማር ላይ የሚገኙ» እያለ መጣ። በቪዲዮ ቃለ መጠይቁ ላይ ጠያቂዋ በትሕትና «ከተማዎ በኅዳር 2021 በጦርነት ውስጥ እንደነበረች አንብቤያለሁ፤ በዚያ ጊዜ ትምህርት እንዴት ቀጠለ?» አለችው። መምህሩም «ችግር አልነበረም፣ በመደበኛነት እናስተምር ነበር» ብሎ መለሰ። ፋይሉ የተዘጋው በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው። በእውነቱ ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተጠልሎ ነበር፤ ይህን ቢናገር ኖሮ አንድም ነጥብ አይቀነስበትም ነበር። ጠያቂዋ ስለ ጦርነቱ የጠየቀችው ልታጠምደው ሳይሆን ልታዝንለት ተዘጋጅታ ነው።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባ ልዩነት አለ። የመንግሥት መምህር በዚያ ወቅት ቅጥሩ አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው ማስተማሩ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው «ቅጥራቸው ከዚህ እስከዚህ ሳይቋረጥ የቆየ ሲሆን፣ በአካባቢው በነበረው ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቱ ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ተዘግቶ ነበር» ቢል እውነትም ነው፣ ሙሉም ነው። ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ ለመምህሮቻችሁ በዚህ መልክ ጻፉላቸው። የግል ማኅደሩ የጠፋበት ትምህርት ቤትም መጥፋቱን ገልጾ፣ የቀድሞ የክፍል ድልድል ወይም የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አፈላልጎ ቢያያይዝ ይበቃል።

የዚህ ስህተት ሁለተኛ መልክ የሳዑዲ ዓመታት ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖች መካከል የወሎ ልጅ ስንት እንደሆነ እናውቃለን፤ ከእነርሱም ተመልሰው ተምረው መምህር የሆኑ አሉ፤ ትጋታቸው ያስደንቀኛል። ነገር ግን ያንን ጊዜ ከሕይወት ታሪካቸው ላይ ይሰርዙታል፣ ወይም «በግል ሥራ» ብለው ያልፉታል። ሲመለሱ የጣት አሻራ የሰጠ ሰው አሻራው በሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ የመግቢያ እገዳም ሊኖርበት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ቪዛ ከጠየቀና ትኬት ከቆረጠ በኋላ ይህ ከሚወጣ፣ በመጀመሪያው ቀን ለመልማዩ ነግሮ ሌላ አገር እንዲፈለግለት ማድረግ ይሻላል።

የማይሆን ሰው በምስክርነት መጥራት

አጎትዎ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የሰፈሩ የሃይማኖት አባት የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ ምስክር አይሆኑም። የሚፈለገው አሁን በኃላፊነት የሚመራዎት ርእሰ መምህር ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከእርሱ ቀጥሎም የቀድሞው ነው።

መምህራን ከርእሰ መምህራቸው የሚደበቁበትን ምክንያት አላጣሁትም፤ «ሊሄድ ነው» ከተባለ ሥልጠናው ይቀርበታል፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ይከብድበታል። ይሁን እንጂ መጨረሻ ላይ መደወሉ አይቀርም፤ ያልተነገረው ርእሰ መምህር ደግሞ ጉዳት ያመጣል። ከዱባይ የተደወለላቸው አንድ ርእሰ መምህር የውጭ ቁጥር ሲያዩ አጭበርባሪ ነው ብለው ዘጉት፤ ሁለተኛ ሲደወል «ደግመህ እንዳትደውል!» ብለው በአማርኛ ተቆጡ። መምህሩን ያህል የሚወዱት ሰው አልነበራቸውም። ቢያንስ ቃለ መጠይቅ ካለፉ በኋላ፣ ከመደወሉ በፊት፣ ሄደው ይንገሯቸው። «ይህ ሰው ከልጆች ጋር እንዳይሠራ የሚያደርግ የሚያውቁት ምክንያት አለ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣና ለሁሉም ሰው የሚቀርብ እንጂ በእርስዎ ላይ የተነሣ ክስ አለመሆኑን ያስረዷቸው። ይህን ያልሰሙ አንድ ኃላፊ በጥያቄው ተቆጥተው ቦታውን ባዶ ትተውት አልፈዋል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ከመጥፎ መልስ የሚለይ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በስሙ የተከፈተ ኢሜይል ከሌለው፣ ይህን በግልጽ ጽፈው የቢሮውን ስልክና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያቅርቡ፤ በአንድ ሌሊት የተከፈተ የውሸት «ኦፊሻል» ኢሜይል ግን አይሞክሩ።

ያለዎትን አለመናገር

የተለመደው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ቀኑንና ደመወዙን ይናገራል፤ የትኛውን ትምህርት፣ ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳስተማሩ አይናገርም። ቀጣሪው የሚፈልገው ይህንን ነው። እንዲያስገቡልዎት ይጠይቁ።

ከአፕላይድ (መምህርነትን ከማያካትት የሳይንስ ዘርፍ) ተመርቀው ፒጂዲቲ የተማሩ መምህራን ደግሞ ይህን የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ከሕይወት ታሪካቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ይተዉታል፤ «እሱ እኮ የክረምት ሥልጠና ነው» ይሉኛል። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ከባዮሎጂ ዲግሪዎ ጎን ለጎን የሚፈልገው ዋና ነገር የመምህርነት ብቃት ማስረጃ ነው። አንዲት ወጣት መምህርት ሁለት ጊዜ ውድቅ ከተደረገች በኋላ ሻንጣዋ ሥር ያስቀመጠችውን ፒጂዲቲ አውጥታ አሳየችኝ። ከደስታዬ የተነሣ ልቆጣት አልቻልሁም።

ሰነድን ላሚኔት ማድረግ

አያድርጉት። በፕላስቲክ የታሸገ ዲግሪ ላይ ማኅተም አያርፍም። ሰነዱ ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ከሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ማረጋገጫ ሊፈለግበት ይችላል፤ የዚህ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው «ፕላስቲኩን አስልጠህ ና» ሲባሉ፣ ሲልጡት ወረቀቱ አብሮ ይነሣል። ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) ብቻ ይዘው የሚጠብቁም የወጪ መጋራት ጉዳያቸውን ዛሬውኑ ጨርሰው ዋናውን ዲግሪ ያውጡ። በአልጋ ልብስ ላይ ተነጥፎ፣ አውራ ጣት ከጥግ እየታየ በስልክ የተነሣ ዲግሪም አይላክ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ ስካነር አለ።

ወቅትንና ሰዓትን መሳት

የእኛ የግል ትምህርት ቤቶች መምህር የሚፈልጉት በነሐሴ ነው። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ትምህርት የሚጀምሩት በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ ለዚያ የሚሆነውን ሰው መፈለግ የሚጀምሩት ካለፈው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ነሐሴ ላይ የሚቀረው ሰው በድንገት የለቀቀበት ቦታ ብቻ ነው። በአንጻሩ የወንጀል ነፃ ማስረጃና የአይኤልትስ ፈተና ቀድመው የሚያወጡ አሉ፤ የመጀመሪያው ብዙ ቦታ በወራት ውስጥ ያረጃል፣ የሁለተኛው ውጤት ከ2 ዓመት በላይ አያገለግልም።

ሰዓቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሳዑዲ፣ ኳታርና ኩዌት ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኦማን በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል። «በአቡ ዳቢ ሰዓት 10፡00» የተባለ ቃለ መጠይቅ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ኮምፒውተሩን የከፈተ ልጅ አውቃለሁ። መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ስለሚችልም አስቀድመው ለጠያቂው ይንገሩ፣ ስልክዎንም በዳታ አዘጋጅተው ያስቀምጡ፤ ይህን የሚቀየም አላየሁም።

ለደላላ ገንዘብ መስጠት

ወሎ የደላላን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ «ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት» የሚል ስም ሲለጠፍበት የተማረውም ሰው ይታለላል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በውጭ አገር ሥራ ስምሪት ላይ የተሰማራ ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም፤ የቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የጉዞና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሳሰሉት የሠራተኛው ናቸው። ስለዚህ «የቪዛ ማስኬጃ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ንግግሩ እዚያው ያብቃ።

ትምህርት ቤቱ የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ወይም የካምብሪጅ ሥርዓተ ትምህርት እሰጣለሁ ካለ፣ ስሙ በእነዚሁ ተቋማት ዝርዝር ላይ መኖሩን ራስዎ ይፈልጉ፤ ስልኩንም ደላላው ከሰጠዎት ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ወስደው ይደውሉ። ሌላው መለያ ደግሞ ከላይ ያማረሩበት ጥያቄ ራሱ ነው፦ በቪዲዮ ሳያነጋግርዎት፣ ምስክር ሳይጠራ፣ ስለ ልጆች ደኅንነት አንድ ቃል ሳይጠይቅ በዋትስአፕ «ተቀጥረዋል» የሚል ትምህርት ቤት የለም።

በተለይ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለሾፌርነትና ለወጥ ቤት ሥራ «ለዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት» እየተባለ ከኮምቦልቻና ከባቲ ወጣቶች ሲመዘገቡ ይሰማል። እነዚህን ሠራተኞች ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው እዚያው ካለው ሰው ወይም በኮንትራት ድርጅት በኩል ነው የሚቀጥሩት፤ ከውጭ ትኬት ቆርጠው የሚያመጡት በዋናነት መምህራንን፣ አማካሪዎችንና የትምህርት አመራሮችን ነው። ለጽዳት ተብላ የተመዘገበች ልጅ ቪዛዋ ላይ የተጻፈውን የሥራ ዓይነት ከመሳፈሯ በፊት በሚታመን ሰው ታስነብብ፤ «የቤት ሠራተኛ» የሚል ከሆነ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። የአማርኛ መምህራንን በተመለከተ፣ በጅዳና በሪያድ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሌላ ቦታ አማርኛ እንዲያስተምሩ ከተጋበዙ በጥርጣሬ ይመልከቱት።

ደመወዙን በብር አባዝቶ መፈረም

ውል የሚነበበው በብር ስንት እንደሆነ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ጠቅላላው ክፍያ ምን ያህሉ መነሻ ደመወዝ፣ ምን ያህሉ የቤትና የትራንስፖርት አበል እንደሆነ ይለዩ። ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን። ጠቅላላው አንድ ዓይነት ሆኖ መነሻው ትንሽ የሆነ ውል ሲወጡ ያስቆጫል። የሙከራ ጊዜው እስከ 6 ወር ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚያ መካከል ውሉ ቢቋረጥ የመመለሻ ትኬቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤቱ ለቤተሰብ ነው ወይስ ለአንድ ሰው? የልጆች ትምህርት በነፃ ነው ወይስ በቅናሽ? ባለትዳር የሆነ ሰው እነዚህን ሳይጠይቅ ፈርሞ፣ ደርሶ «ሚስቴን ላምጣ» ማለቱ በየዓመቱ የሚደጋገም ነው።

ፊርማዎን ካኖሩ በኋላ የተሻለ ቢመጣም ሁለተኛ ውል አይፈርሙ፤ መልማዮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ወዲህ ያለውን ትምህርት ቤትም በሴሚስተሩ መካከል ጥለው አይሂዱ። የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ጠብቀው፣ የተማሪ ውጤት አስረክበው፣ መልቀቂያዎን በእጅዎ ይዘው ይውጡ፤ ቀጣዩ ቀጣሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚደውለው ለእነዚሁ ርእሰ መምህር ነው።